ቢላዋው የሚነካው ከረጢቱን ነው

በሩቅ ያላችሁና እስካሁን ያልሰማችሁ የመምህር ገመቹ ተማሪዎችና ወዳጆች፣ መምህራችን ዐርፈዋል። በዐቢይ ጾም መገባደጃ፣ ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው ያረፉት። ሲጋደሙ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው አልጋ ላይ መተኛት ካቆሙ ሰንብተው ነበር። ለቀዶ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሊሄዱ ሻንጣቸው ተዘጋጅቷል። ሻንጣው ዛሬም በሩ አጠገብ ነው፤ ባለቤታቸው ሊከፍቱት አልቻሉም።

ነቀምቴ ውስጥ ነርስነት ተምሮ እሳቸውን ሳያውቅ የተመረቀ የለም ብል ብዙ አልዋሸሁም። እኔም ተማሪያቸው ነበርኩ፤ ሆስፒታል ጥቂት ከሠራሁ በኋላ ደግሞ እሳቸው በሚያስተምሩበት የነርሶች ኮሌጅ አብሬያቸው አስተማርኩ። የሚያስተምሩት ስለ ሰውነት አካላት ቢሆንም ልባቸው ያለው ልብ ላይ ነበር፤ ያውም ውስጡ ላይ ሳይሆን ውጪውና የሚኖርበት ከረጢት ላይ። ሌላው መምህር ልብን ሰንጥቆ ክፍሎቹን ለማሳየት ሲቸኩል፣ እሳቸው በመጀመሪያው ቀን ቢላዋ ወደ ክፍል አያስገቡም። «መጀመሪያ ተዋወቁት፤ መቁረጡ ይደርሳል» ይሉናል።

ከረጢቱ ያልተቀደደ ልብ ማግኘት ግን ቀላል አልነበረም። ቄራ የታረደ በሬ ልቡ ለምርመራ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መምህር በየበዓሉ ጎረቤት ተዋጥቶ በሚያርደው የሰፈራቸው ቅርጫ ላይ ዓይናቸውን ጣሉ። ቅርጫ ላይ ደግሞ ልቡም ኩላሊቱም ለየመደቡ እኩል ይቆራረጣል እንጂ ለአንድ ሰው አይሰጥም። በሬውን የሚበልቱት፣ ከጎጃም መጥተው እዚህ ያረጁት አያ ሙላት መጀመሪያ ሲጠየቁ ደነገጡ።

«ኧረ ተው ኦቦ ገመቹ! ልቡን ላንተ ብቻ ሰጥቼ ሰፈሩ እኔን ይብላኝ?»

«ከመደቤ ሽንጡን ውሰዱ፤ ልቡን ከነከረጢቱ ስጡኝ» አሏቸው።

ለሽንጥ ሲሉ ሁሉም ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ልቡ ሳይነካ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ለብቻው ይቀመጥላቸዋል።

ክፍል ውስጥ ዓይናችንን ጨፍነን በእጃችን እንድንዳስሰው ያደርጉናል። «ጫፉ ወዴት ነው? ፊቱስ የቱ ነው? ልብ ደረት ውስጥ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ነው የሚኖረው። የሰው ከዚህ ያንሳል፤ ቡጢያችሁን ጨብጡና እዩት።» በሁለተኛው ቀን ከረጢቱን በመቀስ ከፍተው ውስጡ ያለውን ጥቂት ፈሳሽ በጣታችን ያስነኩናል። ልብ ሲመታ ከከረጢቱ ጋር እንዳይፋተግ የሚያለሰልሰው እሱ ነው። «ይኼ ፈሳሽ ሲበዛ ልብን ያፍነዋል፤ ከረጢቱ ሲጠጥር ደግሞ ያስረዋል።» ከዚያ በልቡ ላይ ስብ በሞላቸው ቦዮች ውስጥ የሚሄዱትን የደም ሥሮች በእንጨት እየተከተሉ ያሳዩናል፤ ልብ የራሱን ቀለብ የሚያገኘው በእነሱ ነው። ከላይ በግራና በቀኝ ጆሮ መስለው የተለጠፉትን ሲያሳዩን «ይሰማል፤ ፊቱ ሰው አትሙ» ብለው ያስቁን ነበር።

ከነቀምቴ ብዙ ከማትርቀው ዲጋ የመጡት ነጋዴ አዴ ጫልቱ ሆስፒታል የተኙ ጊዜ ግን ያ የበሬ ልብ ከትምህርት ያለፈ ሥራ ሠራ። በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት የልባቸው ከረጢት ጠጥሮ ልባቸውን ጨምድዶ ይዞት፣ ሆዳቸውና እግራቸው አብጦ ነበር። አዲስ አበባ ሄደው ከረጢቱ በቀዶ ሕክምና ይውጣ ቢባሉ «ልቤ ተቆርጦ በምን ልኖር? ዋቃዮ፣ አምላኬ! ቤቴ ልሙት» ብለው እንቢ አሉ። የመስቀል ሰሞን ነበርና መምህር ልቡን በትሪ ይዘው አልጋቸው ድረስ መጡ። ተረኛዋ ነርስ እኔ ነበርኩ፤ ሕመምተኛ ክፍል ሥጋ ሲገባ ዝም ማለቴ እስካሁን ይገርመኛል። በኦሮምኛ ነበር የሚነጋገሩት።

«ይኼ ቤቱ ነው፤ ይኼ ባለቤቱ ነው» አሉና ከረጢቱን እንደ ካልሲ ከልቡ ላይ ገፈፉት። «ቢላዋው የሚነካው ከረጢቱን ነው፤ ልብዎን አይነካውም።»

አዴ ጫልቱ ልቡን በጣታቸው ዳሰሱት። «ምንም አልሆነም?»

«ምንም።»

ሄዱ፤ ድነውም ተመለሱ። ዛሬም ዲጋ ገበያ በርበሬ ይሸጣሉ።

እኛ የሕክምና ሰዎች የታመመ ሰው የተነፈሰውን የምንተነፍስ ነን። መምህርንም ያው በሽታ ያዛቸው። ፈሳሹ ተቀዳላቸው፣ መድኃኒታቸውን ጨረሱ፤ ከረጢቱ ግን ጠጠረ። ቀዶ ሕክምና ሲታዘዝላቸው «መንገዱ ይረጋጋ» አሉ። መንገዱ ሲረጋጋ «ፈተና ልረም» አሉ። ተናደድኩ፤ አሁንም ተናድጃለሁ። አንድ ቀን ቤታቸው ሄጄ ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው። የአንገታቸው ደም ሥር ገመድ አክሎ ይታያል። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ፈራሁ» አሉኝ። «በእጄ የከፈትኩት ሁሉ የሞተ ልብ ነው። በሚመታ ልብ አጠገብ ቢላዋ ሲሄድ ሳስበው እንቅልፍ አጣለሁ።»

ወጥቼ ለአዴ ጫልቱ ደወልኩ። በማግስቱ ከዲጋ መጥተው ፊታቸው ተቀመጡና ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው የደረታቸውን ጠባሳ አሳዩዋቸው። «ቢላዋው የሚነካው ከረጢቱን ነው ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? እኔ አምኜዎት ሄጃለሁ። እርስዎስ ራስዎን አያምኑም?»

መምህር ሳቁ፤ ሳቁም ትንፋሽ አሳጣቸው። ከዚያ «እሺ፣ እሄዳለሁ» አሉ። ቀጠሮ ተያዘ፣ ሻንጣው ተዘጋጀ፣ ሊሄዱ ሲሉ ዐረፉ። ቀብር ላይ አዴ ጫልቱ «ዘገየሁ፣ ዘገየሁ» እያሉ ሲያለቅሱ መስማት ከሁሉ የከፋ ነበር። የዘገዩት እሳቸው አልነበሩም።

ፋሲካ መጣና ሰፈሩ ቅርጫ አረደ። አያ ሙላት እንደ ልማዳቸው ልቡን ከነከረጢቱ አውጥተው፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ለብቻ አስቀመጡት። መደቡ ሁሉ ተነስቶ ሲያልቅ ጥቅሉ ብቻውን ቀረ። ይቆረጥና እንካፈለው ያለ ሰው አልነበረም። አያ ሙላት አስጠሩኝና «አንቺ ውሰጅው። እኔስ ቢላዬን ላሳርፍበት አልቻልሁም» አሉኝ።

መምህር፣ ወሰድኩት። ክፍል ሳስገባው ቢላዋ አላስገባሁም። ተማሪዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ጫፉን ፈለጉ፤ ስለ ጆሮውም የእርስዎን ቀልድ ነገርኳቸው፣ ሳቁ። በሁለተኛው ቀን ከረጢቱን ስንከፍት አንዷ «ይኼ የታመመበት ሰው ይድናል?» ብላ ጠየቀችኝ። «በጊዜ ከሄደ ይድናል» ብዬ መለስኩላትና ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

የእርስዎ ልብ ከነከረጢቱ አፈር ገባ። ሐኪሞቹ ከረጢቱን ብቻ ነበር እኮ የሚነኩት፣ መምህር። ነጋቲ፣ ደህና ይሁኑ።