መብራት ሲጠፋ ዝም ያላልኩት እኔ ነበርኩ

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ ወገኖቼ። ጌታ ያደረገልኝን ልነግራችሁ ልቤ ቸኩሏል። አሜን ስትሉ ግን እንደ ልማዳችን ቀስ ብላችሁ በሉ፣ የዚህ ቤት ግድግዳ ስስ ነው።

እኔና ባለቤቴ ብርቄ ወደዚህ ኅብረት መምጣት ከጀመርን ስድስት ወር ሆነን። እናንተ የምታውቁኝ በዝምታዬ ነው። ባለፈው አንዲት እህት “ወንድማችን እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው” ስትል ሰማሁና ልቤ ሞቅ አለ። ያ ሙቀት አስፈራኝ፤ አውቀዋለሁና። እንግዲህ ማን እንደነበርኩ ስሙኝ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሱቄ አዲሱ ገበያ ነው። በስፌት ዘመኔ ሁሉ አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም ነበር! ሱሪው ጠበበኝ የሚል ሰው ሲመጣ “አንተ ወፈርክ እንጂ ሱሪው ልክ ነው” እለዋለሁ። ሰፋኝ ካለ ደግሞ “ከስተሃል፣ ሂድና ተመርመር።” አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ብርቄ ስትታመም እንኳ የምቆጣው እኔ ነበርኩ፤ “ዛሬ የእኔ ቀን መሆኑን እያወቅሽ!” እላታለሁ። ቀኑ ሁሉ የእኔ ቀን ነበር።

ድምፄ ጥሩ ነበር። በቀበሌው ኪነት ቡድን ውስጥ እዘፍናለሁ፤ ሳያጨበጭብልኝ የቀረውን ሰው መልኩን ይዤ ነው ቤቴ የምገባው። አንድ ቀን ኃላፊው ለብቻዬ የምዘፍነውን ዘፈን ለሌላ ሰጠብኝ። በቃ፣ ጥዬ ወጣሁ። ብርቄ ያኔ ጌታን አግኝታ ነበርና “ና፣ ከእኛ ጋር ዘምር” አለችኝ፣ በቅንነት። ሄድኩ። የሚሰበሰቡት እዚሁ ጉለሌ፣ ጋሼ ተሰማ የሚባሉ ጡረተኛ አባት ቤት ነበር። ጋሼ ተሰማ “ይህን ድምፅ የሰጠህ ጌታ ነው” ሲሉኝ ዳንኩ አልኩ። አልዳንኩም ወገኖቼ። መድረክ ነው የለወጥኩት።

እዚያም ቤት እንደ እኛው በሹክሹክታ ነው የሚዘመረው። ጓዳ ያለውን ሬዲዮ ከፍ ያደርጉታል፣ እኛ ከእሱ ሥር እንዘምራለን። የማን ድምፅ የማን እንደሆነ አይለይም። ይህ ነገር አንገበገበኝ! አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መዝሙሩ እኔ ከፍ የምልበት ቦታ ላይ ደርሶ ሳለ መብራት ጠፋ። ሬዲዮው ጸጥ አለ። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ አፉን ያዘ። እኔ ቀጠልኩ። አውቄ ነው፣ ተሳስቼ አይደለም፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ድምፄ እንዴት ያምር ነበር! ብርቄ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። እኔ ግን ስንኙን እስከ መጨረሻው ዘመርኩት።

ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ አብዮት ጠባቂዎች በሩን መቱት። “የቤቱ ባለቤት ማነው?” ሲሉ ጋሼ ተሰማ “እኔ ነኝ ልጆቼ” አሉና በነጠላ ጫማቸው ተከተሏቸው። ሰባት ሳምንት ታሰሩ።

ወንድሞች “ምነው? መብራት ሲጠፋ ለምን ዝም አላልክም?” ብለው ያዙኝ። ምን አልኩ መሰላችሁ? “ብርቄ እኮ ናት! ቀጥል ብላ ቆነጠጠችኝ።” መቆንጠጧን ያዩ ነበሩና አመኑኝ። ብርቄ አየችኝ። ይክደኛል ብላ አልጠበቀችም መሰለኝ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። ከዚያ ወዲያ እህቶች ሰላምታ ነፈጓት። በሳምንቱ ልብሷን ሰብስባ ጳውሎስ አካባቢ እህቷ ቤት ገባች። እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ መጥታ ይቅርታ እስክትጠይቀኝ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት!

ከዚያ ልቤ ያለ ምክንያት በኃይል መምታት ጀመረ። ሐኪም ቤት ስሄድ “ልብዎ ጤነኛ ነው” ብለው ወደ አእምሮ ሐኪም ላኩኝ። ወጣት ሴት ናት። ስለ ቤትዎ ያጫውቱኝ አለችኝ፤ ስለ ራሴ ስተርክ እሷ እስክጨርስ ሰማችኝ። በመጨረሻ “ባለቤትዎ ምን ትፈራለች?” አለችኝ። “ምንም አትፈራም፤ እኔ አለሁላት” አልኳት። አሥራ አንድ ዓመት በትዳር ኖረን አላውቅም ነበር!

ደጋግሜ ከሄድኩ በኋላ እንዲህ አለችኝ፦ “ይህ በሕክምና የታወቀ ነገር ነው፤ ናርሲሲዝም ይባላል። ተራ ኩራት እንዳይመስልዎ። ሰውየው ከውጭ ሲያዩት ትልቅ ነው፣ ውስጡ ግን ትንሽ ነቀፌታ አይችልም። ስለዚህ ጥፋቱን ለሌላ ያሸክማል፣ የሌላው ሕመም አይሰማውም። በክኒን የሚድን አይደለም። እየመጡ ማውራትና መስማት መልመድ ነው፣ ጊዜ ይወስዳል።”

“ዶክተር፣ ይሄ የሌላ ሰው በሽታ ነው” ብዬ ተነስቼ ወጣሁ።

ጋሼ ተሰማ ተፈቱ፤ ጌታ ይመስገን! በሌላ ቤት ስንሰበሰብ ብርቄም ከእህቷ ጋር መጣች። “ልመስክር” ብዬ ተነሳሁ። አለቀስኩ፣ ደረቴን መታሁ፣ “ከእኔ የባሰ ኃጢአተኛ የለም” አልኩ። በኃጢአትም አንደኛ ልውጣ! ሰው ሁሉ አነባ። ስቀመጥ በልቤ “እንዴት አሳመርኩት” እላለሁ። ሁለት ሁለት እየሆንን መውጣት ስንጀምር ብርቄ ደጅ ላይ ጠጋ አለችኝ።

“ዛሬም ስለ ቁንጥጫው አልተናገርክም” አለችኝ። አልተቆጣችም።

ወገኖቼ፣ ጌታ ያገኘኝ እዚያ ደጅ ላይ ነው! ቀና ብዬ አየኋት። ከስታለች፣ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። ሰው ስለካ የምውል ሰውዬ የሚስቴን መክሳት ያን ቀን ገና አየሁ። “ጌታ ሆይ፣ ከራሴ አድነኝ” አልኩ። ይህችን ጸሎት ማንም አልሰማትም።

ተመልሼ ገባሁ። “ጋሼ ተሰማ፣ ብርቄ የቆነጠጠችኝ ዝም በል ብላ ነው። ዋሽቻለሁ። እርስዎን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ” አልኩ። በዚህ ጊዜ ማንም አላነባም፤ እንዲያውም አንዱ ወንድም ፊቱን አዞረብኝ። ጋሼ ተሰማ “እኔ ይቅር ብዬሃለሁ ልጄ። ለእሷ ተናገር” አሉኝ። “ብርቄ፣ በድዬሻለሁ፣ ይቅርታ” አልኳት። በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነበር። “ሰምቻለሁ” አለች። አብራኝ ግን አልመጣችም፤ እውነቷን ነው።

ወደ ሐኪሟም ተመለስኩ፣ እስከ ዛሬ እሄዳለሁ። ጌታ በአንድ ጀምበር መለወጥ ይችላል፤ እኔን ግን ቀስ እያለ እየሠራኝ ነው፣ ስሙ ይባረክ! ከአራት ወር በኋላ ብርቄ ዘንቢሏን ይዛ ቤቷ ገባች። ምን እንደምትፈራ ጠየቅኋት። “ስታኮርፍ” አለችኝ፣ ለአፍታ እንኳ ሳታስብ። በዚህ ሳምንት አንድ ደንበኛዬ “የኮቴ እጅጌ አጠረ” አለኝ። ለካሁት፣ አጥሯል። “ተሳስቻለሁ፣ አስተካክልልሃለሁ” ስለው ሰውየው ደንግጦ “አሞሃል እንዴ?” አለኝ። ክብር ለጌታ ይሁን! እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ስትሰሙ “ይሄስ የእገሌ በሽታ ነው” ያላችሁ ካላችሁ፣ እኔም እንደዚያው ነበር ያልኩት። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር የምትኖሩም ብቻችሁን አትሸከሙ፣ ተናገሩ። እኔን ያልተወ ጌታ እናንተንም አይተውም፣ ታመኑት።

አሁን ልቀመጥ። ብርቄ፣ ነይ እዚህ ቁሚ። ከተናገርኩት ውስጥ ለራሴ ያሳመርኩት ነገር ካለ ንገሪያቸው፤ እኔ እሰማለሁ።