ከጨረቃ ያልወደቀው ድንጋይ

ተረከዜን የምፈትግበት ቀዳዳማ ድንጋይ ከእጄ አምልጦ ሳፋው ውስጥ ሲንሳፈፍ የወንጪ ሐይቅ ትዝ አለኝ።

ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። እንዲሁ ያለ ድንጋይ ከሐይቁ ዳር አንስቼ «ከጨረቃ የወደቀ ነው!» ስል አብረውኝ የመጡት ተማሪዎች ሳቁብኝ። ፈረስ የሚያከራዩት ኦቦ ደቻሳ ግን አልሳቁም። ድንጋዩን ተቀብለው ውሃው ላይ ጣሉት፤ ተንሳፈፈ።

«ይሄስ ከታች፣ ከመሬት ውስጥ ካለው እሳት የወጣ ነው ልጄ። የጨረቃውን ግን እኔ አላውቅም። ተምረሽ ስትደርሺበት መጥተሽ ንገሪኝ» አሉኝ።

ደረስኩበት። ጨረቃ ላይ ጠቆር ብሎ የሚታየውም ከውስጧ ቀልጦ የወጣ ድንጋይ ነው። ልነግራቸው ወንጪ ብሄድ ፈረሱን የያዘው ልጃቸው ነው፤ እሳቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጁ ኮርቻውን ሲያጠብቅ ጠጋ ብዬ ለፈረሱ ነገርኩት።