አበልጇ የመረጠችው መስኮት

አረጋሽ ደባርቅ ገበያ ገብስ ትነግድ ነበር። ከእናቷ የወረሰችው ሰፊ ቤት የስሜን ንፋስ ፊት ለፊት የሚመታው ነው፤ የቱንም ያህል እንጨት ቢማገድበት አይሞቅም። በ1967 በጋ ልታሳድሰው ተነሳች። የምታማክረው የልጇን ክርስትና ያነሳችውን አበልጇን በለጠችን ነበር።

አረጋሽ ከጎንደር የሚመጣውን የላሜራ ምድጃ ወድዳለች። ግንበኛው ሀብተ ሚካኤል ግን፣ "ላሜራ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎ ይበርዳል። በድንጋይ ልገንባልሽ፤ ጭሱ በቧንቧ ይውጣ፤ በግማሹ እንጨት ትሞቂያለሽ" አላት።

"የድንጋዩ ይሁን" አለች በለጠች። መስኮቱንም የመረጠችው እሷ ናት፤ በፀሐይ በኩል ትልቅ ባለ መስተዋት፣ በንፋሱ በኩል ጠባብና ድርብ መዝጊያ ያለው። ሥራው ሲያልቅ ሁለቱም ካባቸውን አውልቀው ተቀመጡ፤ እዚያ ቤት ውስጥ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ሐምሌ ላይ ትርፍ ቤት ተወረሰ። አረጋሽ ገብስ የምታስቀምጥበት ሌላ ትንሽ ቤት ስለነበራት አንዱን መርጣ እንድታስቀር ተነገራት። በለጠች የአዲሱ ቀበሌ ጸሐፊ ሆና ነበር።

"እኔ የማስቀረው ሰፊውን ነው" አለቻት አረጋሽ።

"አጣሁት እንዴ አበልጄ? በይ እዚህ ላይ ፈርሚ።"

አረጋሽ ፊደል አልቆጠረችም። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች።

በወሩ የቀበሌ ሰዎች መጥተው የፈረመችበትን ቅጽ አነበቡላት። ያስቀረችው ትንሹን ነው ይላል።

"ተሳስታችኋል፤ አበልጄን ጠይቋት" አለች።

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሰፊው ቤት የተመደበው ለበለጠች ነበር።

አውራጃ ድረስ ሄዳ አቤት አለች። "የራስሽ ጣት ነው" ብለው መለሷት። ከዚያ ስትመለስ የገዛ በሯን አንኳኳች። በለጠች ከፈተችላት።

"ይህን ሁሉ ስትመርጪ ለማን ብለሽ ነበር?"

በለጠች መሬት መሬት እያየች፣ "መጀመሪያ ላንቺ ነበር" አለች።

አረጋሽ ዞራ ወደ ትንሹ ቤት ሄደች።

በጥቅምት ሀብተ ሚካኤል በትንሹ ቤት ምድጃ በነጻ ሠራላት። መስኮት ልክፈትልሽ ሲላት ግን እምቢ አለች። ልጇ በለጠችን መንገድ ላይ ስታገኛት ሮጣ ትስማታለች። አረጋሽ አልከለከለቻትም፤ ተሳስመው እስኪጨርሱ ፊቷን አዙራ ትቆማለች።