ግመል በአምስት ፊደል

በማለዳ ቢሮ ውስጥ የሚያስጮኸኝ ነገር ቢኖር ያ የስልክ ጨዋታ ነበር። አምስት ፊደል ያለው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይደበቃል፤ በስድስት ሙከራ ማግኘት ነው። ፊደሉ ቦታውን ከያዘ አረንጓዴ፣ ኖሮ ቦታው ከተሳሳተ ቢጫ፣ ከነጭራሹ ከሌለ ግራጫ ይሆናል። የቀኑ ቃል ለሁሉም ሰው አንድ ነው፤ ሰመራ ላለሁት ለእኔም፣ አዋሽ ላለችው ለታላቅ እህቴም።

እህቴ ከወሎ ወደ አዋሽ ይዛኝ መጥታ በጨርቅ ሱቋ ያሳደገችኝ ናት። ሥራ አግኝቼ ሰመራ ስሄድ አኮረፈች፤ እዚያው ባል ሳገባ ደግሞ ባሰባት። «እግሬ ሰመራን አይረግጥም» ብላ ምላ ሰርጌ ላይ እንኳ ቀረች። እንግሊዝኛ ግን ነፍሷ ነው። ጨዋታውን ላኩላት፤ ተያዘች! ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን በየጠዋቱ የምንላላከው የቀለም ሳጥን ሆነ። ቀለሙ ብቻ ነው የሚታየው፣ ፊደሉ አይታይም። አንድ ቀን እንደምንም ደፍሬ «ቃሉን በስድስቱም ሙከራ አጥተሽ ከተሸነፍሽ ትመጫለሽ?» አልኳት።

«ከተሸነፍኩ እመጣለሁ። ግን ትጠብቂያለሽ!» አለችኝ።

እኔ ልወልድ ሁለት ወር ነበር የቀረኝ። ይህን አልነገርኳትም። አዝናልኝ ሳይሆን ወድዳ እንድትመጣ ነበር የምፈልገው። እንደ እናት ያሳደገችኝ ሰው አጠገቤ ሳትኖር መውለድ ግን ያስፈራኝ ነበር። ስለዚህ በየጠዋቱ ዱዓዬ አንድ ነበር፦ ያ ረቢ፣ የዛሬውን ቃል ከባድ አድርገው!

ከባድም ይመጣል። «ናይፍ» የመጣ ቀን፣ ያ መነሻ ፊደሉ የማይነበበው፣ ቢላዋ ማለት፣ ከወንበሬ ዘለልኩ። ዛሬስ አለቀላት! እሷ በሁለተኛው ሙከራ አገኘችው። «ኤልቦ» መጣ፣ ክርን ማለት ነው። በመጀመሪያው! ደሜ ፈላ፤ ስልኩን ግድግዳው ላይ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

የቢሮአችን ሾፌር አፋር ናቸው፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ወደ ዱብቲ ወይም ወደ ሚሌ ከመውጣታቸው በፊት ሻይ ይዘው አጠገቤ ይቀመጡና ስጫወት ያያሉ። ስጨርስ «ምን ማለት ነው?» ይሉኛል፤ ትርጉሙን እነግራቸዋለሁ። ቃሉ «ካሜል» የሆነ ዕለትማ ከእኔ በላይ ተደሰቱ። «ያን የሚያህል ግመል በአምስት ፊደል አለቀ?» ብለው ሳቁ።

ነገሩ የገባኝ «ቢች» የመጣ ቀን ነው፣ የባሕር ዳርቻ ማለት። እህቴ ልትፎክርብኝ ደውላ «መጀመሪያ እኮ ኮስት ብዬ ነበር!» አለች። ኮስትም የባሕር ዳርቻ ነው! አዋሽ ላይ፣ በዚያ ሐሩር፣ በጠዋቱ ባሕር የሚያልም ማን ነው? ትርጉሙን የነገራት ሰው አለ ማለት ነው። ሌባ!

ዞር ስል ሾፌሩ ሻያቸውን ፉት ይላሉ።

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አሉ፣ ቅንጣት ሳይደነግጡ።

ለካ የእህቴ የሱቅ ጎረቤት የአጎታቸው ልጅ ነው። በየጠዋቱ ይደዋወላሉ። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል። እሳቸውም ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለታመመው ሰው ካወሩ በኋላ «የሰመራዋ ልጅ ደግሞ ዛሬ ክርን አገኘች» ይላሉ። የአጎታቸው ልጅ ለእህቴ ያደርሳል። እሷ ወደ እንግሊዝኛ መልሳ አምስት ፊደል ትቆጥራለች!

«ለምን ይነግሯታል?» ጮህኩ።

«ዳጉ አይደበቅም።»

«እሷን ለማስመጣት እኮ ነው የምለፋው! ሆዴን አያዩም?»

«ሆድሽንማ ገና ብቅ ሲል ነግሬያለሁ። እህትሽ ታውቃለች።»

ታውቃለች? አውቃ ነው ዝም ያለችኝ? እንባዬ መጣ።

«እንድትመጣ መፈለግሽን ግን እስከ ዛሬ ነግረሽኝ አታውቂም» አሉ፣ ብርጭቋቸውን እያስቀመጡ። «ያልሰማሁትን ደግሞ አላወራም። የምትዪው አለ?»

ነበረኝ! እስከዚያ ቀን የዋጥኩት ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ወጣ። ናፍቃኛለች አልኩ። በሰርጌ ቀን በሩን በሩን ሳይ ዋልኩ አልኩ። ምጥ ሲይዘኝ የማንንም ሳይሆን የእሷን እጅ ነው መጨበጥ የምፈልገው አልኩ። አንዴም ሳያቋርጡ ሰሙኝና ስልካቸውን ይዘው ወደ መኪናው ወጡ። በመስኮት ሳያቸው ሞተር ሳያስነሱ ረጅም ጊዜ አወሩ።

በማግስቱ ቃሉ ቀላል ነበር፤ «ብሬድ»፣ ዳቦ ማለት። በሦስተኛው አገኘሁት። ሾፌሩም እንደ ልማዳቸው ትርጉሙን ይዘው ወጡ። ትንሽ ቆይቶ የእህቴ ሳጥኖች መጡ። ስድስቱም ረድፍ ከላይ እስከ ታች ግራጫ! ቢጫ እንኳ ለመድኃኒት የለም። ከቃሉ አንድም ፊደል ሳይነኩ ስድስቴ ለመሳት ቃሉን አስቀድሞ ማወቅ ይጠይቃል።

ከሥሩ «ተሸነፍኩ» ብላለች። «መኪና ውስጥ ነኝ፤ ሚሌ ስደርስ እደውልልሻለሁ።»