ሐያት ጆሮዋን እስክትይዝ

ያን ቀን ጠዋት የአንደኛ ክፍልን በረንዳ እየወለወልኩ ነበር። ቡታጅራ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ጽዳትም ደዋይም እኔ ነኝ። የተቀጠርኩ ቀን መጥረጊያ፣ ባልዲና አንድ የብረት ዘንግ ሰጡኝ። ዘንጉ ለደወሉ ነው። ደወላችን ዛፍ ላይ የተሰቀለ የጭነት መኪና ቸርኬ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይሄን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ሰዓት ግን አሳልፌ አላውቅም።

ሰዓቱ ሲደርስ ወለሉን ትቼ ደወልኩ። ድምፁን ስትሰማ ሐያት ከክፍል ወጥታ ሮጠች። ከመስቃን የመጣች የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ኦቲዝም አለባት፤ ብዙም አታወራም። ዘበኛው ሳያያት በሩን አልፋ አስፋልት ገባች። ባጃጅ ሊገጫት ነበር፤ ለጥቂት ተረፈች። እንዲህ ስትወጣ ሦስተኛዋ ነው።

ዳይሬክተራችን እናቷን አስጠሩ።

"ጠልተናት አይደለም። አንድ ነገር ብትሆን ማን ይጠየቃል? እንደገና ከበር ከወጣች ይዘሻት ትሄጃለሽ" አሏት።

"ቤት ከዋለችማ ገበያ ስወጣ በር ቆልፌባት ነው" አለች እናቷ።

እኔ አፈርኩ። የምደውለው እኔ ነኝ።

መምህሯ ቲቸር ሰናይት ስልኳን ይዛ ቢሮው መስኮት ሥር ቆመች፤ ኔትወርክ ያለው እዚያ ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ ልጆችን ለሚያስተምሩ መምህራን ኢንተርኔት ላይ የተቀመጠ ቪዲዮና ሥዕል አለ አሉ።

"እማማ፣ የሚያስደነግጣት ድምፁ ድንገት ሲመጣባት ነው። አስቀድማችሁ በሥዕል ንገሯት ይላል" አለችኝ።

ከዚያው የደወል ሥዕል አውርዳ አሳተመች። በማግስቱ ለሐያት አሳየናትና ደወልኩ። ልጅቷ ሮጠች። ደግነቱ ዘበኛው በሩን ዘግቶት ነበር።

ሥዕሉን ተቀብዬ አየሁት። እጀታ ያለው ቢጫ ቃጭል ነው።

"ቲቸር፣ ይሄ የምን ደወል ነው?"

"የፈረንጅ ነው። ያው ደወል ነው፣ እማማ።"

"ላንቺ ነው ያው። እሷ እዚህ ግቢ ይሄንን የት አይታው ታውቃለች? የኛን ቸርኬ ፎቶ አንሺው።"

ሳቀች። "እርስዎም ይግቡበት እንግዲያ" አለችኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ዘንጌን ይዤ ቸርኬው ሥር ቆምኩ።

ወዲያው አልሆነም። በመጀመሪያው ቀን ሐያት የታተመውን ፎቶ አሸተተችው። በሁለተኛው ቀን ተነሳች፣ ግን በረንዳው ላይ ቆመች። ሳምንት አልሞላም፣ ፎቶውን ስታይ ሁለት ጆሮዋን መያዝ ጀመረች።

አሁን ልደውል ስል መጀመሪያ በክፍሉ መስኮት ፎቶውን አሳያታለሁ። ጆሮዋን እስክትይዝ አልደውልም። ከዚያ ወዲህ ከበር ወጥታ አታውቅም። እናቷም ልጇን አድርሳ ገበያዋ ትሄዳለች።

በየትምህርት ቤቱ ላላችሁ የሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይሄን ነው፦ ስልኩ የሚላችሁን ስሙ፤ ፎቶውን ግን እዚያው ግቢያችሁ ውስጥ አንሱ።

ጎረቤቴ ሙሉነሽ ቤቷ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ነው።

"ደወልሽ ዘንድሮ ይዘገያል፤ አረጀሽ እንዴ? እኔ ድስት የምጥደው ባንቺ ደወል ነው" አለችኝ።

"ሐያት ጆሮዋን እስክትይዝ እየጠበቅኩ ነው" ብዬ ነገሩን ነገርኳት።



"በይ ትያዝ። ድስቱ ይቆያል።"