የሃያ ስድስት ዓመት ንባብ

መምህሩ ሃያ ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ ሲያስተምር ዘዴው አንድ ነበር። ቃሉን በነጭ ጠመኔ ይጽፋል፤ ከላዩ ደግሞ ንባቡን በአማርኛ ፊደል በቀይ ያሰፍራል። ልጆቹ በዜማ ይቀበሉታል። እሱም ቢሆን የተማረው ከመጽሐፍ እንጂ ከሰው አፍ አልነበረም። የኛ «ሚ» የትም ብትገባ ሚ ናት፤ የነሱስ ፊደል ምን ቆርጦት ቃሉን ያጥፋል ብሎ አምኖ ኖረ። ምስኪን!

ጉዱ የፈላው ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው፣ አነባበቡ የተበላሸ መምህር ከክፍል ወጥቶ ዕቃ ቤት ይመደባል የተባለ ዕለት ነው። የሴት ልጁን ስልክ ለምኖ የእንግሊዝኛ አነባበብ ትምህርት ከፈተበት። ወሽመጡ ቁርጥ አለ። ሥጋ፣ ዳቦ እና ታላቅ የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት መሀላቸው ላይ የተጻፉት ሁለት አናባቢ ፊደላት በሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸውና፣ እሱ ሚት፣ ብሪድ፣ ግሪት እያለ ነበር ልጆቹን ያሳደገው። ስልኩ ግን ሚት፣ ብሬድ፣ ግሬይት ይላል። መጽሐፉን ቢያገላብጥ እንዲህ ያለው ቃል ማለቂያ የለውም።

«ስንቱን ልጅ ነው ያበላሸሁት!» አለና አለቀሰ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ከስልኩ ጋር ታገለ።

«አባዬ፣ መንጋጋህ ሊወልቅ ነው!» ብላ ሳቀችበት ልጁ። ቆየት ብላ ግን፣ «ተማሪዎችህስ? ነገርካቸው?» አለችው።

«ነገ እነግራቸዋለሁ።»

ያ ነገ አልደርስ አለ። ክፍል ቆሞ «ተሳስቼ ነበር» ሊል አፉን ይከፍታል፤ ያ ሁሉ ዓይን አምኖ ሲያየው መልሶ ይዘጋዋል። ከዚያ ክፍል ሌላ ኑሮ አያውቅም።

ተቆጣጣሪው መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። መምህሩ ላብ በላብ ሆኖ ምንባቡን አነበበ። አንዲት ቃል አልሳተም። ተቆጣጣሪው ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጎ ፈገግ አለ። መምህሩ ተነፈሰ።

ልጆቹ ግን ተያዩ። ቲቸር እንዲህ ሲያነቡ ሰምተው አያውቁም! የክፍሉ አለቃ፣ ቀጭኗ ልጅ፣ ጎረቤቷን በክርኗ ጎሸም አድርጋ አንሾካሾከች፤ ወሬው ከወንበር ወንበር ተዳረሰ።

«እስቲ አሁን እናንተ አንብቡ» አለ ተቆጣጣሪው።

ስልሳ ልጅ ብድግ አለ። መምህራቸውን ሊያድኑ፣ ጣሪያው እስኪነቃነቅ፣ «ብሪድ! ግሪት!» እያሉ የተማሩትን ሁሉ አወረዱት። መምህሩ በቃችሁ ለማለት እጁን ቢያነሳ ያበረታታቸው መሰላቸውና ባሰባቸው። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ተቆጣጣሪው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ወደ አለቃዋ ዞረ። «ማነው እንዲህ ያስተማራችሁ?»

«ቲቸር ናቸዋ!» አለች ደረቷን ነፍታ። «ቅድም ስለደነገጡ ነው እንጂ እሳቸው ተሳስተው አያውቁም!»