ያልተቆረጠው የኔፓል ትኬት

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ነው፤ ዝናቡ አባርቶ እሸት በደረሰበት ሰሞን። የጽጌን ጾም ይዤ ነበር። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አምቦ ውስጥ በማላውቀው ሰው ሱቅ ተቀምጬ፣ የታመመ ልጄን ለማስታመም ኔፓል የምደርስበትን የአውሮፕላን መንገድ ሳወጣ ዋልኩ። ልጄ ግን ከሞተ ሁለት ቀኑ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ይህን የምጽፈው ማንንም ልወቅስ አይደለም። ያን ሰው ላመሰግን ነው።

ልጄ ቶሌራ ይባላል፤ የበኩር ልጄ ነው። አያቱ ዘንድ ሐሮ ወንጪ ነው ያደገው። ሐይቁን ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን በእግርና በፈረስ እያስጎበኘ ራሱን ቻለ። ከዚያ ለተራራ ተጓዦች መሪ የሚሆኑ ወጣቶችን የሚያሠለጥኑ ሰዎች መጡና ለሦስት ወር ትምህርት መረጡት። ትምህርቱ ኔፓል ነው አሉ፤ የዓለም ትልልቆቹ ተራሮች ያሉበት አገር።

እዚያ እንደደረሰ ደወለልኝ። «እማ፣ የወንጪን ተራራ እዚህ ቢያመጡት ጉብታ ነው የሚሉት» ብሎ ሳቀ። ከፍ ያለ ቦታ ያደገ ልጅ ከፍታ ይጎዳዋል ብዬ አላሰብኩም። እሱም አላሰበም።

ረቡዕ ጠዋት ታናሽ ወንድሜ ገመቹ ቤት መጣ። «ቶሌራን ትንሽ አመም አድርጎት ሐኪም ቤት ገብቷል» አለኝ። ቆሞ ነው የነገረኝ። ተቀመጥ ብለው አልተቀመጠም።

በእኛ ዘንድ እናት የልጇን ሞት ድንገት አትሰማም። መጀመሪያ «አሞታል» ትባላለች። ቀጥሎ «ጠንቶበታል»። ዘመድ ከያለበት ሲሰበሰብ፣ ማለዳ፣ የንስሐ አባቷ ባሉበት መርዶው ይነገራታል። እኔ ራሴ ለስንት እናት «ትንሽ አመም አድርጓት ነው» ብዬ ዓይኔን መሬት ላይ ተክያለሁ። በራሴ ሲደርስ አላወቅሁትም።

የሚጠብቁት ሴት ልጄን ብርቄን ነበር። ራቅ ባለች ከተማ፣ ካቺሲ አስተማሪ ናት። ልጇ አጠገቧ ሳይኖር ለእናት አይነገርም ብለው እስክትደርስ ዝም አሉ። አሞታል ሲሉኝ አልቅሼ፣ ተስዬ የምቀመጥ መስሏቸዋል። እኔ ግን ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ልጄ በሰው አገር ታሟል። ውኃ የሚያቀብለው ማን ነው? ገላውን ማን ያጥብለታል?

ፓስፖርት ነበረኝ። ኢየሩሳሌም ልሳለም ብዬ ያወጣሁትና ሳይሆንልኝ የቀረ። እሱን በመቀነቴ ቋጥሬ ሐሙስ ቀትር ላይ ለማንም ሳልናገር ወጣሁ።

ገበያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ እያነሣ የአውሮፕላን ትኬትም የሚቆርጥ ሰው እንዳለ ሰምቼ ነበር። ኸይሩ ይባላል። ከስልጤ አገር መጥቶ አምቦ የከረመ ነጋዴ ነው። በኦሮምኛ ሰላም አልኩት፤ በኦሮምኛ መለሰልኝ። ከዚያ በአማርኛ ቀጠልን።

«ልጄ፣ ኔፓል የሚባል አገር ታውቃለህ?»

«ስሙን አውቃለሁ እማማ። የእኔ መንገድ ግን ጅዳ ነው፣ ቤሩት ነው፣ ዱባይ ነው። ለኔፓል ቆርጬ አላውቅም።»

«እንግዲያው ዛሬ አብረን እንማራለና» አልኩት። ሳቀና ወንበር አቀረበልኝ።

ኮምፒዩተሩን ገና እንደከፈተ ገመቹ እያለከለከ ደረሰ። የሆነ ሰው መንገድ ላይ አይቶኝ ነግሮታል።

«እህቴ፣ ምን ልትሠሪ ነው እዚህ?»

«ልጄ ጋ ልሄድ ነው።»

«አንቺ? መርካቶ እንኳ ሄደሽ የምትጠፊው?»

«መርካቶ ጠፍቼ ተገኝቻለሁ። እዚያም ብጠፋ እገኛለሁ።»

ገመቹ ኸይሩን «አንዴ ውጭ ላነጋግርህ» ብሎ ይዞት ወጣ። ስለ ዋጋው ሊከራከር መሰለኝ።

ኸይሩ ብቻውን ተመለሰ። ተቀመጠ። ከዚያ ነጭ ወረቀት ሳበና «እሺ እናቴ፣ ከየት እንጀምር?» አለኝ። ቅድም እማማ ነበር ያለኝ። ልዩነቱን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ከአዲስ አበባ ጀመርን። ከአዲስ አበባ ዴልሂ፣ ከዴልሂ ካትማንዱ። ኮምፒዩተሩን እያየ የሚነሣበትን፣ የሚያርፍበትን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር እየለወጠ ይጽፍልኛል።

«ዴልሂ ላይ ሰባት ሰዓት ይቀመጣሉ» አለኝ።

«ጸሎቴን አደርሳለሁ። የጾም ምግብ ይገኛል?»

«ህንድ አገር? እናቴ፣ እዚያ እኮ ዓመቱን ሙሉ የጾም የሚበላ ሰው ነው የሞላው!»

ደስ አለኝ። ልጄም ምናልባት የጾም እየበላ ይሆናል አልኩ።

ኔፓል ሰዓቱ ከእኛ በሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ እንደሚቀድም ነገረኝ። «አርባ አምስቷ ደግሞ ምን ትሠራለች?» አልኩት። እሱም እንዳልገባው ነገረኝ።

ከካትማንዱ ወደ ተራራው ሌላ ትንሽ አውሮፕላን አለ። ልጄ ታመመ የተባለው እዚያ ከላይ ነው። አውሮፕላኑ የሚይዘው አሥራ ምናምን ሰው ነው። ገደል አፋፍ ላይ ካለች አጭር ሜዳ ላይ ነው የሚያርፈው። የሚበረውም ደመናው ሲገለጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ብቻ ነው።

«ይሄማ ጌዶ የሚሄደው ሚኒባስ ነው» አልኩት። «ረዳት አለው?»

«ረዳት የለውም። እንደ ሚኒባስ ሰው እስኪሞላም አይጠብቅም። ደመና ነው የሚጠብቀው።»

«ደመናው ባይገለጥስ?»

«ያን ቀን አይበርም። በማግስቱ ይሞከራል።»

ይህ አስጨነቀኝ። ስለዚህ ካትማንዱ ላይ ሁለት ቀን ትርፍ እንያዝ አለኝ። ያዝን። ወረቀቱ ላይ ከሥሩ አሰመረበት።

ዕቃ ከዐሥር ኪሎ ብዙም እንደማይበልጥ ነገረኝ። በሶ ልይዝለት ነበር፤ እሱን ቀነስኩ። ጠበሉን ግን አልተውም አልኩ። ፈሳሽ በእጅ እንደማይያዝ ሲነግረኝ ፊቴ ሳይለወጥ አልቀረም። ኸይሩ ቶሎ ብሎ «አይጨነቁ» አለኝ። «ከሐጅ የሚመለሱ ሰዎች የዘምዘም ውኃ ሲያመጡ እንዴት እንደሚታሸግ አውቃለሁ። የእርስዎንም ራሴ እንደዚያ አሽግልዎታለሁ።»

የቪዛውን ነገር ስጠይቀው ነገ ደውለን እንጠይቃለን አለኝ። ገንዘብ ላስይዝህ ብለው ሳይቆረጥ አልቀበልም አለ። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሡ የመጡትን ሰዎች ሁሉ ማሽኑ ተበላሽቷል እያለ መለሳቸው። ማሽኑ ግን አልተበላሸም፤ የእኔን ፓስፖርት ቅድም ገልብጦበታል። ይህንንም ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ወደ ዐሥር ሰዓት ግድም «እናቴ፣ ሶላት ደርሶብኛል፤ ይፍቀዱልኝ» ብሎ ወደ ጓዳው ገባ። ብዙ ቆየ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

«ስትጸልይ ልጄን አስበህልኛል?» አልኩት።

«አዎ። ቶሌራን ስሙን ጠርቼ።»

«ስሙን መች ነገርኩህ?»

«ኦቦ ገመቹ ነግሮኛል።»

ይህን ያህል ቀርቤ አልነቃሁም። ሰው ማወቅ የማይፈልገውን ነገር እግዚአብሔርም ለጊዜው ይጋርድለታል።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወረቀቱን አጥፎ ሰጠኝ። «ወንበር መኖሩን አረጋግጬ ነገ ጠዋት ቤትዎ እመጣለሁ» አለ። ቃልህ ነው አልኩት። «ቃሌ ነው። እመጣለሁ።» እስከ በሩ ሸኘኝ። እጄን በሁለት እጁ ይዞ ራሱን ዝቅ አደረገ። ለትኬት ሻጭ በዛ ብዬ ገርሞኝ ሄድኩ።

መጣም። በማግስቱ ማልደው ግቢዬ ከቆሙት ሰዎች ጋር አብሮ ነበር። አስከሬኑ እስኪገባ ድረስ በየቢሮው እየደወለ ወረቀቱን የተከታተለው እሱ ነው። ልጄ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን መጣ። አምቦ ቀበርኩት።

ከአርባው በኋላ ሱቁ ሄጄ ጠየቅሁት። ገመቹ ያን ቀን ውጭ ያለው «ልጁ ሞቷል፤ እህቱ እስክትደርስ አቆይልን» ነበር።

«ወንበር የለም ልልዎት አስቤ ነበር» አለኝ ኸይሩ። «ከዚያ አዲስ አበባ ሄጄ እቆርጣለሁ ብለው ቢነሡስ? መኪና ውስጥ ከማያውቁት ሰው ቢሰሙስ? እኛ ቤት ሞት ወዲያው ነው የሚነገረው፤ እንዲህ መደበቅ አልለመድኩም። ስለዚህ ከውሸት የቻልኩትን ያህል ሸሸሁ። የጻፍኩልዎት በረራ ሁሉ እውነተኛ ነው እናቴ። አንዱንም አልፈጠርኩም።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ።

አንዳንድ ዘመዶቼ እስከ ዛሬ «አቄሉሽ» ይሉኛል። እኔ እንደዚያ አላስበውም። ያን ከሰዓት ልጄ ለእኔ በሕይወት ነበር። የሚወስደኝ መንገድ ነበረ። ሥራውን ትቶ መንገዱን እየቆጠረ አብሮኝ የተቀመጠ የሰው ልጅ ነበረ። እናት ሆኜ ለልጄ ያደረግሁት የመጨረሻ ነገር ያ ነው፤ ባይደርስለትም።

የንስሐ አባቴን፣ ኸይሩ ሙስሊም ነው፣ በጸሎቴ ስሙን ባነሣው ነውር ይሆን ብዬ ጠየቅኋቸው። አባ ቀና ብለው አዩኝና «እንዳትተዪ» ብቻ አሉኝ። አልተውኩም።

ኀዘኑ ግን አልወጣልኝም። ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ደጅ ወጥቼ ሽቅብ አያለሁ። ዛሬ አውሮፕላኑ ይበራል እላለሁ ሳላስበው።

የማግስቱን ጠዋት ተናግሬ ላብቃ።

ብርቄ ሐሙስ ምሽት ከካቺሲ ገብታ ከእኔ ጋር አደረች። ወንድሜ ስለታመመ መጣሁ ነው ያለችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። እኔ እንደ ልማዴ ኪዳን ላደርስ፣ ለመንገዴም ጸሎት ላስደርግ በማለዳ ተነሥቼ ነጠላዬን ለበስኩ።

በሩን ስከፍት ገና ወገግ ማለቱ ነበር። ገመቹ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። አባ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ናቸው። ከኋላቸው የጎረቤት ሴቶች፣ ወንዶች። የሁሉም ነጠላ ተዘቅዝቋል። ኸይሩም ከዳር ቆሟል።

ሁሉንም አየሁ። አንድ በአንድ አየኋቸው።

«ብርድ ነው፣ ግቡ» አልኳቸው።

አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። እኔ መጨረሻ ገባሁ። ጫማዬን አወለቅሁ። ያቀረቡልኝን ወንበር ገፋ አድርጌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ብርቄን ስቤ አጠገቤ አስቀመጥኳት። ነጠላዬን ራሴ አዘቀዘቅሁና፣

«በሉ፣ አሁን ንገሩኝ» አልኳቸው።